ወረቀት ቀጥሉ

አንድ ሰው ነበሩ። የሒሳብ መምህር ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ሲጨብጡ ከመኖራቸው የተነሳ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ጠመኔ እንደያዙ ታጥፈው ቀርተዋል።

ሒሳብ ስል ፊታችሁ ሲኮሳተር አየሁ። አይዟችሁ፣ ዛሬ ፈተና የለም። እኔም ከናንተ አልሻልም። የእኚህ ሰው ተማሪ ነበርኩ፤ ይርጋለም፣ ዘጠነኛ ክፍል። የሰጡኝን ዜሮ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዛሬ የምነግራችሁም የዚያን ዜሮ ነገር ነው። ዜሮ ይሰብካል ወይ? ይሰብካል። ቆዩኝ ብቻ።

ጥያቄው እንዲህ ይላል። ኤክስ ሲደመር ሃያ፣ እኩል ይሆናል፣ ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድስት። መሃል ላይ የእኩል ምልክት አለች፤ እነዚያ ሁለት ጭረቶች። ወዲህ አንድ ወገን፣ ወዲያ አንድ ወገን። ኤክስ ስንት ነው?

አብዛኞቻችን የምናውቀው መንገድ ማሻገር ነው። ስድስቱን ወደዚህ እናሻግረዋለን፣ ኤክሱን ወደዚያ እናሻግረዋለን። ሕጉን ታስታውሳላችሁ? የእኩል ምልክትን የተሻገረ ነገር ምልክቱ ይቀየራል። እዚያ ማዶ ሲደመር የነበረው፣ ወደዚህ ሲመጣ ሲቀነስ ይሆናል። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ እፈልጋታለሁ።

መምህር ዘለቀ ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው። «አንዱን እኩልታ ሁለት አድርጉት» ይሉናል። «የግራውን ወገን ለብቻው ጻፉት፤ ዋይ እኩል ይሆናል ኤክስ ሲደመር ሃያ። የቀኙንም ለብቻው ጻፉት፤ ዋይ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር ስድስት። ምንም አታሻግሩ። የማንንም ምልክት አትንኩ። ለሁለቱም በየራሳቸው መስመር አስምሩላቸው። መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ፣ መልሳችሁ እሱ ነው።» ከዚያ ጠመኔውን ከኮታቸው ላይ እያራገፉ፣ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። በየዓመቱ በዚያችው ቦታ ላይ ይሏታል።

መስመር ለማስመር ባለ ካሬ ወረቀት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን በከተማችን ባለ ካሬ ወረቀት ከየት ይመጣል? የመምህሩ ባለቤት እትዬ ብርቅነሽ ናቸው የሚሠሩልን። ነጩን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በማስመሪያና በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ቁልቁል አሥር አግድም ሠላሳ እያሉ ያሰምራሉ። ዓርብ ዓርብ መምህሩ አንድ ክምር ታቅፈው ክፍል ይገባሉ። ወረቀት ያጠረው ተማሪ ደግሞ ቤታቸው ይሄዳል፤ እትዬ ብርቅነሽ ከዱቄት በሠሩት ሙጫ ሌላ ወረቀት ጫፍ ለጫፍ ይቀጥሉለታል። መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «በል ቀጥል እንጂ፣ ልጄ» ብለው ይሸኙታል።

አሁን ወደ ዜሮዬ ልምጣ።

በፈተናው ቀን አሰመርኩ። አንደኛው መስመር ከሃያ ተነስቶ፣ አንድ አንድ እያለ፣ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሁለተኛው ከታች ከስድስት ተነስቶ፣ ሁለት ሁለት እያለ፣ ተፍ ተፍ ብሎ ይከተለዋል። ደረሰበት፣ ደረሰበት ስል ወረቀቱ አለቀ! መሃላቸው አራት ካሬ ቀርቷል። ደወሉም ተደወለ። እኔ ምን አደረግኩ? በትልቁ ጻፍኩ፤ «አይገናኙም። መፍትሄ የለውም።»

ወረቀቱ ሲመለስ ዜሮ። ከዜሮው ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ቃል፤ «ወረቀት ቀጥል።»

ክርክር ያዝኩ። «ጋሼ፣ አልተገናኙም እኮ! ይኸው ይዩት!»

«አካሄዳቸው አንድ ነው?» አሉኝ።

«አይ፣ ይለያያል። ይሄ አንድ አንድ ነው የሚሄደው፣ ያ ሁለት ሁለት።»

«መነሻቸው ተለያይቶ አካሄዳቸው አንድ ቢሆን ኖሮ እውነትህን ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን አይገናኙም። ያንተዎቹ ግን አካሄዳቸው ይለያያል። አንተ ሰነፍ፣ እነዚህ የሆነ ቦታ መገናኘታቸው አይቀርም። ያለቀው መፍትሄው አይደለም፣ ወረቀትህ ነው። አራት ካሬ ብትታገስ ምን ነበረበት?»

ስቄ ወጣሁ። ልጅ ነበርኩ። ያን ቀን ከሒሳብ ሌላ የተማርኩት ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ዓመታት አለፉ። እኔ ሰባኪ ሆንኩ፤ ሒሳብ ስለማይጠይቅ ነው እያሉ ጓደኞቼ ያሙኛል። መምህር ዘለቀ ጡረታ ወጡ። አንዲት ልጃቸው ሰናይት ነርስ ሆና ሀዋሳ ገባች። ከዚያ እትዬ ብርቅነሽ መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ የማሰሮ ክዳን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ቀጥሎ የልጃቸውን ስም። ባላቸውን «አንተ ሰውዬ» ይሏቸዋል፤ ግን ሰውዬው ከክፍሉ ሲወጡ ተነስተው ይከተሏቸዋል።

በአንድ የሐምሌ ቀን እትዬ ብርቅነሽ ከቤት ጠፉ። ዝናቡ እየወረደ ነው። የተገኙት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው፤ በሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ መሆኑን ታውቃላችሁ። ነጠላቸው ሥር ባዶ ወረቀት አቅፈው፣ ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው ቆመዋል። ላገኛቸው ዘበኛ ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ «ተማሪዎቹ ለምን ዘገዩ?»

ሰናይት ይህን ስትሰማ፣ «እማዬን እወስዳታለሁ» አለች። አባቷ፣ «ከቤቷ አትወጣም» አሉ።

ወገኖቼ፣ አሁን ያችን ያዙልኝ ያልኳችሁን አምጡልኝ። የተሻገረ ነገር ምን ይሆናል? ምልክቱ ይቀየራል።

ሰናይት እናቷን የምትረዳ ሴት ቀጥራ ከሀዋሳ ላከች። ከላኪዋ ወገን ሲደመር ነበር። አባቷ ጋ ሲሻገር ምን ሆነ? «አልቻልክም እያለችኝ ነው» ሆነና ሴትዮዋን በመጣችበት መኪና መለሷት። መምህሩ ባለቤታቸው ዳግመኛ እንዳይጠፉ ብለው የግቢውን በር በመቀርቀሪያ ዘጉ። ከእሳቸው ወገን ፍቅር ነበር። ልጃቸው ጋ ሲሻገር፣ «እናቴን ቆለፈባት» ሆነ። እሷ ደጋግማ ደወለች፤ «ልትቆጣጠረኝ ነው» አሉ። እሳቸው ማንሳት ተዉ፤ «ጨክኖብኛል» አለች።

ሁለቱም እየደመሩ፣ ሁለቱም የሚደርሳቸው ሲቀነስ ነበር። ይሄ የማን ቤት ታሪክ ነው? የመምህር ዘለቀ ብቻ ነው? እናንተ እንጃ፤ የኔን ቤት ግን አውቀዋለሁ።

በመጨረሻ ለሽምግልና እኔ ተጠራሁ። ምን ዓይነት ሽማግሌ እንደነበርኩ ልንገራችሁ። የሷን ቃል ይዤ ለሳቸው አደርሳለሁ፣ የሳቸውን ቃል ይዤ ለሷ በስልክ አደርሳለሁ። አሻጋሪ ነበርኩ! ባሻገርኩ ቁጥር ነገሩ ተበላሸ። ሁለት ጊዜ ተቀምጠን ሁለት ጊዜ ተኮራርፈን ተነሳን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሰናይት ራሷ መጣች። ኮንትራት ሚኒባስ በር ላይ አቁማለች። የእናቷን ልብስ የምታስገባበት ሻንጣ ባዶውን ይዛ ገባች፤ እኔም አብሬያት ገባሁ። እኛ እንዳለፍን መምህር ዘለቀ በርጩማቸውን በሩ ላይ አድርገው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። እኔን ሰላም አሉኝ፣ ልጃቸውን ግን አላዩዋትም።

«አባዬ፣ ዛሬ ሳልወስዳት አልሄድም» አለች።

«እኔን ረግጠሽ ታልፊያለሻ!»

«እዚህ ብትሞትብህስ? በዝናብ ብትወድቅስ? ማን ነው የሚያነሳት?»

«እስከ ዛሬ ማን ነው ያነሳት? አንቺ ነሽ?»

ሁለቱም ጮኹ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተናገሩ። አንዳቸውም አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሌላው እየነጠቀ ይመልሳል። እትዬ ብርቅነሽ መሃል ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ያያሉ። ከዚያ እጄን ያዙና ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እነዚህ ሰዎች በምን ተጣሉ?»

ምን ልበላቸው? በርስዎ ነው ልበላቸው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጸሎት እንኳ ጠፋብኝ። አንገቴን አቀረቀርኩ። ሳቀረቅር ከቁም ሳጥኑ ሥር ምን አየሁ? ክምር ወረቀት። ሰማያዊ መስመር፣ ቁልቁል አሥር፣ አግድም ሠላሳ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ያን ዜሮ የሰጡኝን ጥያቄ እስኪ አንዴ እንደገና ያስረዱኝ።»

«አሁን?»

«አሁን። አልገባኝም ነበር።»

መምህር ሆኖ የኖረን ሰው አልገባኝም ብላችሁት እንቢ የሚል ይመስላችኋል? ከዘራቸውን አስቀመጡ። ከበሩ ላይ ተነሱ። ሰናይት በዚያች ቅጽበት እናቷን ይዛ መውጣት ትችል ነበር። አልወጣችም፤ እሷም በልጅነቷ የአባቷ ተማሪ ነበረች፣ እግሯ እምቢ አላት። መምህሩ ወረቀቱን ዘርግተው፣ በሁለቱ የታጠፉ ጣቶቻቸው እስክሪብቶ ይዘው፣ «አንዱን ሁለት እናደርገዋለን። ምንም አናሻግርም...» ብለው ጀመሩና መሃል ላይ ድምፃቸው ቀነሰ። ገብቷቸዋል።

«እንግዲያው እንዲህ ይሁን» አልኩ። «ጋሼ የርስዎን ወገን በአንድ ወረቀት ላይ ለብቻ ይጽፋሉ። ሰናይት፣ ያንቺን ወገን በሌላ ወረቀት ላይ ለብቻ ትጽፊያለሽ። ስለ እናትሽ የምታውቂውን ብቻ። እሱ እንዲህ አለኝ፣ እሷ እንዲህ አደረገችኝ የሚል አይጻፍ፤ ማሻገር የለም።»

«ፓስተር፣ ሹፌሩ እየጠበቀኝ ነው» አለች።

«ይጠብቅ።»

ጻፉ። ያ ቤት ለወራት ያላገኘው ጸጥታ ነበር። ሲሞላ አነበብኩላቸው።

የአባትየው እንዲህ ይላል። «በዚህ ቤት በሩን በእጇ ታውቀዋለች። ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃው አሥራ አንድ እርምጃ ነው፣ ሳታስበው ትሄደዋለች። አምና ሀዋሳ ሁለት ሳምንት ቆይታ በሩ ጠፍቷት አለቀሰች። ጠዋት ጸጉሯን የማበጥርላት እኔ ነኝ፤ ከሌላ ሰው እጅ ትሸሻለች።»

የልጅትየዋ እንዲህ ይላል። «እማዬ እሳት ለኩሳ ትረሳለች። መድኃኒቷን ሁለቴ የዋጠችበት ቀን አለ። በሽታው ወደፊት እየባሰ እንደሚሄድ በሥራዬ አይቻለሁ፤ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ይመጣል። ሀዋሳ የሚያግዘኝ ሰው አገኛለሁ፣ ሐኪምም ቅርብ ነው።»

አያችሁ? የሳቸው መስመር ከላይ ይነሳል፤ ዛሬ ቤቷን ታውቀዋለች። ግን ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ጉልበታቸው እየደከመ ነው። የሷ መስመር ከታች ይነሳል፤ ዛሬ ብትሄድ እንግዳ ቤት ነው። ግን ወደፊት እያየ ይሮጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ሐሰት አላገኘሁም። ግን አልተገናኙም። ወረቀቱ እስከ ጠርዙ ሞልቷል፣ መሃላቸው ገና ክፍት ነው።

መምህር ዘለቀ ሁለቱን ወረቀቶች አዩ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ይኸው» አሉ። «አልተገናኘም። መፍትሄ የለውም።»

ማን ነው ይህን ያለው? ሠላሳ አንድ ዓመት ለዚህች ዐረፍተ ነገር ዜሮ ሲሰጡ የኖሩት ሰው! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ «ጋሼ፣ ዜሮ!» ልላቸው ነው። ስድሳ ዓመት ብኖር የማላገኘው አጋጣሚ።

ግን ቀደሙኝ። እትዬ ብርቅነሽ ከወንበራቸው ተነሱ።

ወደ ጠረጴዛው መጡ። ወረቀቱ እስከ ጠርዙ መሙላቱን አዩ። ከክምሩ አንድ ንጹህ ወረቀት አነሱና ከባላቸው ወረቀት ጋር ጫፍ ለጫፍ ገጠሙት። ሌላ አነሱና ከልጃቸው ወረቀት ጋር ገጠሙት። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ሙጫ ፈለገ፣ አጣ። አጥቶም አልተወም። መጋጠሚያውን በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«በል ቀጥል እንጂ፣ ልጄ» አሉ።

የልጃቸውን ስም አያውቁም። የባላቸውን ስም አያውቁም። ወረቀት ሲያልቅ ምን እንደሚደረግ ግን ያውቃሉ።

እኔ አለቀስኩ፣ አልደብቃችሁም። መምህር ዘለቀ እስክሪብቷቸውን መልሰው አነሱ። ሰናይትም አነሳች። በተቀጠለው ወረቀት ላይ ብዙ አልጻፉም። አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። ያን ጊዜ እኔ አላነበብኩትም፤ ወረቀቱን ተለዋወጡ።

አባት እንዲህ ብለው ነበር፤ «ብርቄን ከወሰድሻት፣ እኔ ጠዋት ስነሳ የማንን ጸጉር አበጥራለሁ?»

ልጅ እንዲህ ብላ ነበር፤ «እማዬን በየቀኑ እያጣኋት ነው፤ አባዬም ብቻውን ሲለፋ አንድ ቀን ወድቆ እንዳላጣው እፈራለሁ።»

ሰናይት አንብባ ቀና አለች። «አባዬ! አንተን ትቼ እሷን ብቻ የምወስድ መስሎህ ነው?»

«‹እማዬን እወስዳለሁ› እንጂ መቼ ‹ኑ› አልሽኝ?»

«ልልህ ስጀምር እኮ ነው ስልኩን የምትዘጋው!»

መምህሩ «አዎ» አሉ። «እዘጋዋለሁ። አዎ።» ከዚያ ያ ኩሩ ሰው ተነስተው ልጃቸውን አንገቷን አቅፈው ሳሙ። እሷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። እናትየውም መጥተው ሁለቱንም ጀርባቸውን መታ መታ አደረጓቸው፤ የማን ልጆች እንደሆኑ ሳያውቁ አባበሏቸው።

ሚኒባሱ ያን ቀን ባዶውን ተመለሰ። ሰናይት ፈቃድ ወስዳ ሁለት ሳምንት ቆየች። አባትና ልጅ ማስመሪያ ይዘው ቤቱን ለኩ። ሀዋሳ ላይ የአልጋው ራስ በዚያው አቅጣጫ ተደረገ፤ በሩም በዚያው በግራ እጅ እንዲገኝ ተደረገ፤ ከአልጋው እስከ መጸዳጃው አሥራ አንድ እርምጃ እስኪሆን ድረስ ቁም ሳጥን ተገፋ። መስቀል አልፎ ባልና ሚስቱ አብረው ሄዱ። ዕቃ ከጫኑት አንዱ እኔ ነኝ፤ ወገቤ ምስክር ነው።

ታሪኩን በተአምር ልጨርስላችሁ አልችልም። እትዬ ብርቅነሽ አልዳኑም። አንዳንድ ቀን «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ብለው ያለቅሳሉ። በሩን የሚያጡበት ቀንም አለ። ግን ጠዋት ጠዋት ሰውዬው ጸጉራቸውን ያበጥሩላቸዋል፣ ልጅትየዋ መድኃኒታቸውን ትሰጣቸዋለች። ሦስት ሰው በአንድ ቤት ነው። ይሄ ነበር መልሱ። በሁለቱም ወረቀት ላይ አልነበረም፤ አራት ካሬ አለፍ ብሎ ነበር።

እንግዲህ ወደናንተ ልመለስ።

እናንተስ? የማንን ቃል እያሻገራችሁ ነው? ሚስትህ «ደክሞሃል፣ አረፍ በል» ስትልህ፣ አንተ ጋ ሲደርስ «ሰነፍ ነህ» የሚሆነው ለምንድን ነው? እሷ ምልክቱን ቀየረችው ወይስ አንተ? እናትሽ «ለምን ጠፋሽ?» ስትልሽ፣ «ናፈቅሽኝ» ማለቷ መሆኑን መቼ ነው የምትሰሚው? በቃ ለአንድ ቀን ምንም አታሻግሩ። የሰውን ነገር በሰውየው ወገን፣ ከነምልክቱ ተዉት። እስከ መጨረሻው ይናገር። ዐረፍተ ነገሩን አስጨርሱት።

«ፓስተር፣ እኔና እሱ እኮ በጣም ነው የምንለያየው» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ ደስ ይበላችሁ እላለሁ። በመለያየታቸው ነው መስመሮች የሚገናኙት! አንዱ ቀስ ይላል፣ አንዱ ይሮጣል፤ አንዱ ከላይ ይነሳል፣ አንዱ ከታች። እግዚአብሔር ለሁላችንም አንድ ዓይነት አካሄድ ቢሰጠን ኖሮ፣ ጎን ለጎን ስንሄድ ኖረን ጎን ለጎን እንቀበር ነበር።

«ሞክረን ነበር፣ አልሆነም» ትሉኛላችሁ። እስከ ስንት ካሬ ሞከራችሁ? ወረቀቱ ያለቀው እዚያች ላይ ነው አይደል፣ ከቁጣው ቀጥሎ? ከቁጣው ቀጥሎ ያለችውን አንዷን ዐረፍተ ነገር ማን ጻፋት? «ፈራሁ» የምትለዋን። «ናፈቅከኝ» የምትለዋን። «ብቻዬን እቀራለሁ» የምትለዋን። ሁሌም የምትቀረው እሷ ናት። እሷን ሳንጽፍ ነው «መፍትሄ የለውም» ብለን ደወሉ የሚደወልብን።

ጌታ በኛ ጉዳይ «መፍትሄ የለውም» ቢል ኖሮ ማን ይፈርድበት ነበር? የኛ መስመር የት፣ የሱ የት! ወረቀታችን ስንት ጊዜ አልቋል? በየጠዋቱ ግን ስንነሳ ንጹህ ወረቀት ጫፍ ለጫፍ ተቀጥሎ እናገኛለን። እስከምንገናኝ ድረስ ቀጠለልን። የተቀጠለለት ሰው ለወንድሙ አንዲት ወረቀት ይነፍጋል?

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህን ታሪክ እንድነግራችሁ መምህር ዘለቀ ፈቅደውልኛል፤ «ዜሮህን ካልደበቅክ» ብለው። ባለፈው ሳምንት ከሀዋሳ አንድ ጥቅል ላኩልኝ። ስፈታው ባለ ካሬ ወረቀት ነው። እትዬ ብርቅነሽ ስም ቢረሱም ማስመሪያ ሲሰጧቸው እጃቸው ይሄዳል፤ ቁልቁል አሥር፣ አግድም ሠላሳ፣ አንዲት መስመር ሳትጣመም። ቀኑን ሙሉ ሲያሰምሩ ይውላሉ። ከዚያ በረንዳ ላይ ይወጡና መንገዱን እያዩ ባላቸውን ይጠይቃሉ፤ «ተማሪዎቹ ለምን ዘገዩ?»

ወረቀቱ በር ላይ ነው። ስትወጡ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ይደርሳችኋል። ባዶ ነው። ማን ጋ እንደምትቀጥሉት ታውቃላችሁ፤ እኔ ሳወራ ፊቱ የመጣባችሁ ያ ሰው ነው።

እኔ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሀዋሳ እደውላለሁ። ለእትዬ ብርቅነሽ ስልኩን እንዲሰጡልኝ እጠይቃለሁ። እማማ፣ ተማሪዎቹ መጥተዋል፣ ወረቀቱንም ወስደዋል እላቸዋለሁ። እባካችሁ፣ አታስዋሹኝ።